ወንፊት ይዤ ኦምዱርማን ፍለጋ

መብራት ሲጠፋ ሰፈራችን በአንድ አፍ «ውይ!» ይላል። ምጣድ ላይ እንጀራ ያሰፋችው፣ ኳሱ ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ የደረሰበት፣ ሸሚዝ ሲተኩስ የነበረው፣ ሁሉም እኩል ያዝናል። እኔ ግን ወዳጄ፣ ከእነዚያ ምሽቶች የበለጠ የምወደው ጊዜ የለኝም። መብራት ጠፋ ማለት የሰፈሩ ስታቢላይዘር፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ የስልክ ቻርጀርና በየደጁ የተንጠለጠሉት ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በአንድ ጊዜ ዝም አሉ ማለት ነው። እነሱ ዝም ሲሉ ኤኤም ራዲዮ አፉን ይከፍታል።

ኤኤም ስል መካከለኛውን ሞገድ ማለቴ ነው፤ ከ531 እስከ 1602 ኪሎ ኸርዝ ያለውን። ኤፍኤም ከመጣ ወዲህ እዚያ ረድፍ ላይ መርፌውን የሚያቆም ሰው ጠፍቷል። የሚሞክረውም ቀን ቀን ስለሚሞክረው ከገጃ ማሰራጫ ከሚነሳው 873 በቀር የረባ ነገር አይሰማም፤ «ሞቷል» ብሎ ይዘጋዋል። አልሞተም። ቀን ላይ ፀሐይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለውን ስስ አየር ኤሌክትሪክ ታሸክመዋለች፤ ወደ ሰማይ የወጣው ሞገድ እዚያው ተውጦ ይቀራል። ጀንበር ስትጠልቅ ያ ንብርብር ይበተናል፤ ሞገዱም አልፎት ይወጣና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ካሉት ንብርብሮች ነጥሮ ወደ ምድር ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ድንበር የሚባል ነገር የለም። ጅቡቲ፣ አርታ ላይ የተተከለው የ600 ኪሎ ዋት ማሰራጫ በ1431 ሲገባ ሰምቻለሁ። ከሳዑዲ ዱባ በ1521 የሚመጣው 2,000 ኪሎ ዋት ነው። ካይሮ በ819 ዜና ያነባል። ይኼ ሁሉ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ካርድ፣ በሁለት ባትሪ ድንጋይ።

ባለቤቴ ይህን ስነግራት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትለኝ ነበር። እሷ እስከዚያ ድረስ ከእኔ ራዲዮ የሰማችው ሽሽሽ የሚለውን ብቻ ስለነበር እውነቷን ነበር። መብራት ባለበት ምሽት ቤታችን ውስጥ ሌላ ነገር አይሰማም።

ብዙ ሰው ሩቅ ጣቢያ ለመስማት ረጅም ሽቦ መወጠር ያስፈልጋል ይላል። አባቴም ከቆርቆሮው ጫፍ እስከ ባሕር ዛፉ ወጥሮ ነበር፤ ያኔ ሰፈሩ ጨለማ ነበርና ሠራለት። ዛሬ ከተማ ውስጥ ረጅም ሽቦ ከጣቢያው ጋር የጎረቤቱን አምፖልና ቻርጀር ሁሉ ሰብስቦ ያመጣል። ልኩን የጠበቀ ልሥራ ብትሉም አይሆንም፤ የ873 ሞገድ ርዝመቱ 343 ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያ ጋር የሚመጣጠን አንቴና በማን ግቢ ይቆማል? ደግነቱ አያስፈልግም። በዚህ ሞገድ ላይ ራዲዮው ራሱ ከሚፈጥረው ጫጫታ ይልቅ ከውጭ የሚመጣው ይበልጣል። ስለዚህ ትልቅ አንቴና ጣቢያውን ሲያጎላ ጫጫታውንም አብሮ ያጎላል። ትንሽ ክብ አንቴና ግን ሌላ ጸጋ አለው፤ በጠርዙ በኩል ይሰማል፣ በፊቱ በኩል ይደነቁራል። ፊቱን ለረባሹ ስትሰጡት ረባሹ ይጠፋል። ወዳጄ፣ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው። ሩቁን ለመስማት ዋናው ጉልበት አይደለም፤ ቅርቡን ጯሂ በየት በኩል ዝም እንደምታሰኙት ማወቅ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ሥራ ብለው የያዙ ሰዎች አሉ። አሜሪካ ውስጥ በፓስፊክ ዳር የሚኖሩት ጥቁር የፌራይት ዘንጎችን በቱቦ ዙሪያ ደርድረው፣ በላዩ ሽቦ ጠምጥመው፣ በእጅ የሚያዝ አንቴና ይሠሩና ሌሊት ተነስተው ባሕር ዳር ይወርዳሉ። ውቅያኖሱን አሻግረው ኒውዚላንድን ይሰማሉ። በእያንዳንዱ ትንሽ ራዲዮ ውስጥ እንዲህ ያለ ዘንግ አንድ አለ፤ የእነሱ ግን በደርዘን ነው። እኔ ያን ያህል ዘንግ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም። ያገኘሁት ወንፊት ነው።

ወንፊቱ የእኛ አልነበረም። ከላይ በኩል ከሚኖሩት እትዬ ቤት ባለቤቴ ለበሶ ዱቄት ተውሳው ኩሽና ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከርሟል። ክቡ እንጨት ነው፣ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ መረቡ ናይለን ነው። መረቡን ልብ በሉ። ብረት ቢሆን ኖሮ ሞገዱ እዚያ መረብ ውስጥ ሲሽከረከር ኃይሉን ይጨርስ ነበር። ናይለኑ ግን ምንም አይለውም። ከተቃጠለ ስታቢላይዘር ሆድ ያወጣሁትን የመዳብ ሽቦ 20 ዙር ያህል በክቡ ላይ ጠመጠምኩ። ከምናለሽ ተራ ደግሞ የድሮ ራዲዮ ቫሪያብል ገዛሁ፤ ያቺ ጣቢያ መፈለጊያው ሲዞር እርስ በርስ የምትተላለፍ ባለ ቅጠል ነገር። ሻጩ መጀመሪያ የጠራው ዋጋ የሙሉ ራዲዮ ነበር። ተከራክረን፣ ሄጄ፣ ተጠርቼ፣ ተመልሼ፣ በመጨረሻ ዋጋውን ሳይሆን እኔን አሸንፎ ሸጠልኝ። ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ቫሪያብሉ ላይ በየድኩት። አለቀ። በወንፊቱና በራዲዮው መካከል አንድም ሽቦ የለም፤ አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ነው። ቫሪያብሉን አዙራችሁ ወንፊቱን ከጣቢያው ጋር እኩል ስታደርጉት፣ ልጅ ዥዋዥዌን ልክ በሰዓቱ ሲገፋው ከፍ እንደሚል፣ ደካማው ድምፅ ዙር በዙር ያድግና ራዲዮው ውስጥ ላለው ዘንግ ያቀብለዋል።

እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቴ ከውጭ ገባችና «እትዬ ወንፊታቸውን ይፈልጋሉ፣ ነገ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው፣ ዱቄት ሊነፉ ነው፣ አሁኑኑ አድርስ» አለችኝ። መንገዱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሽቦውን ፈትቼ ማድረስ ነበረብኝ፤ ነገር ግን ሰዓቱ ወደ አሥራ ሁለት እየተጠጋ ነበር፣ ጀንበርም ወደ መጥለቂያዋ። የእትዬ ቤት ደግሞ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ ነው። ከቤታቸው ጥቂት ከፍ ቢሉ የመብራት ሽቦ የለም። አስቡት፤ አንቴናው በእጄ፣ ራዲዮው በኪሴ፣ ጫጫታ የሌለበት ቦታ በመንገዴ ላይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ሌላ ጊዜ ነው፤ የዚያን ቀን እግሬም ባዳ ሆነብኝ፣ የእትዬን ደጅ አልፎ ወጣ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ወንፊቱን ጉልበቴ ላይ አቁሜ፣ ራዲዮውን አስጠግቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ማዞር ጀመርኩ። ጸጥታው ራሱ ያስለቅሳል። ቤት ውስጥ የለመድኩት ያ ሽሽሽታ የለም፤ ከሥሩ ቀጭን፣ ንጹሕ ባዶነት አለ። በዚያ ባዶነት ውስጥ መጀመሪያ አንድ የዐረብኛ ድምፅ እንደ ክር... አይ፣ ልክ እንደ ሰው ነው የመጣው፣ ገባ፣ ወጣ፣ ተመለሰ። ወንፊቱን በጣም በዝግታ አዞርኩት። ድምፁ ጠፋ። መልሼ አዞርኩት። መጣ።

ይህን ከሩቅ የሚያይ ሰው ምን እንደሚያይ እኔ ከየት ልወቅ? ጭራሮ ተሸክማ ከተራራው የምትወርድ ሴት አየችኝ። በድንግዝግዝ ብቻውን ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ፣ ወንፊቱን ወደ ሰሜን፣ ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ እያዞረ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የማንቀሳቅሰው ቁጥር እየቆጠርኩ ነው። እሷ ግን አማተበች፤ ሸክሟን እያንገላታች ቁልቁል ሮጠች። ጥቂት ቆይቶ ሁለት የጥበቃ ሰዎች መጡ። አንዱ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ዱላ ይዘዋል። ሌላው ወጣት፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ። ከኋላቸው የሰፈር ልጆች።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ወጣቱ።

«ወንፊት።»

«ሽቦውስ?»

«አንቴና።»

«ከማን ጋር ነው የምትነጋገረው?»

«ከማንም ጋር፤ እኔ አዳማጭ ነኝ እንጂ አልናገርም» አልኩት። እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነት ሁሉ በሚባልበት ቦታ አያምርም። ሽማግሌው ዓይናቸውን አጠበቡ። እሳቸው በደርግ ጊዜ የውጭ ጣቢያ በብርድ ልብስ ውስጥ ተጀቡኖ ከሚሰማበት ትውልድ ናቸው፤ ራዲዮ ይዞ ጫካ የሚገባ ሰው ለእሳቸው ቀላል ነገር አይደለም። «ልጄ፣ ተነስ፣ ከእኛ ጋር ወደ ታች እንውረድ» አሉኝ፤ ልጄ ያሉኝ ግን ተነስ ለማለት ብቻ እንደሆነ ድምፃቸው ይናገር ነበር።

ወረድን። አወራረዳችንን ልንገራችሁ፤ በችኮላ አላልፈውም። ከፊት ልጆቹ፣ ቀጥሎ ወጣቱ ራዲዮዬን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ ከዚያ እኔ ወንፊቴን ደረቴ ላይ ታቅፌ፣ ከዚያ ሽማግሌው። ከላይ የሚያወርደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በእትዬ ደጅ ያልፋል። ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ሴቶቹ ሽንኩርት እየላጡ ውጭ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ነው። የማያውቀኝ ሰው አልነበረም። «እንደምን አመሻችሁ» አልኩ፤ ወንፊቱን ይዤ እጅ ስነሳ ቫሪያብሉ ከክቡ ጋር እየተጋጨ ቀጭ ቀጭ ይላል። የመለሰልኝ የለም። ሽንኩርት የሚልጠው ቢላዋ ሁሉ ቆመ። ያኔ እትዬ ብድግ አሉ።

«የእኔ ወንፊት አይደለም እንዴ?»

«ማስረጃ ነው እናቴ» አለ ወጣቱ።

«የምን ማስረጃ? ሦስት ኪሎ ዱቄት ይጠብቀዋል!»

«ሽቦ አለበት።»

«ስሰጣቸው ሽቦ አልነበረበትም!»

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳልል፣ የዚያን ቀን አይጡም ዳዋውም እኔው ነበርኩ። ባለቤቴ ከሽንኩርቱ ረድፍ መሀል ተቀምጣ ኖሯል፤ ለካ እኔ ወንፊቱን ይዤ ስወጣ እሷ በሌላኛው መንገድ ለእገዛ ቀድማኝ ደርሳለች። ቀና አላለችም። ሽንኩርቷን በጣም በጥንቃቄ ትልጣለች። በትዳራችን ብዙ ጊዜ ተቆጥታኛለች፤ እንደዚያ ቀን ዝምታ ግን አንገቴን ያስደፋኝ የለም።

እትዬ ግን የሰፈር እናት ናቸው። ሰው በደጃቸው እየተጎተተ እንዲያልፍ አይፈቅዱም። «ግቡ፣ ተቀመጡ፣ አፍ የሚያርስ ቅመሱና ነገሩ በወጉ ይታይ» አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ገባን። ለጥበቃዎቹ ጠላ ቀረበ፣ ለእኔም ቀረበ፤ አልወረደልኝም። ሽማግሌው ጢማቸውን ጠርገው «በል እንግዲህ፣ አዳማጭ ከሆንክ አሰማን» አሉ።

ራዲዮውን ከፈትኩ። ሽሽሽሽሽ።

በድንኳኑ ዙሪያ የአምፖል ሐረግ ተንጠልጥሏል፤ ከቤት በተሳበ ገመድ የሚበሩ፣ እነዚያው የማውቃቸው ርካሾቹ። ሃምሳ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሽሽሽታ ያዳምጣል። ድምፁን ከፍ አደረግሁት፤ ሽሽሽታው ከፍ አለ። አንዲት ሴት «ዝናብ ነው?» ብላ ጠየቀች። አምፖሎቹ ለአንድ አፍታ ይጥፉልኝ ብዬ ለመንኩ፤ ከኩሽና «ዶሮው ሊያርብን ነው!» የሚል ድምፅ መጣ፣ ልመናዬም እዚያው ቀረ።

ያኔ ነው ወዳጄ የወንፊቱን ፊት ለአምፖሎቹ ገመድ የሰጠሁት። ብድግ ብዬ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ገመዱ ወደ ቤት ወደሚገባበት አቅጣጫ አዞርኩት። ሽሽሽታው ቀነሰ። አልጠፋም፤ በድንኳን ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ አይደለም፤ ግን ወደ ኋላ ሸሸ። ከሥሩ ሰው መናገር ጀመረ። የጅቡቲው 1431 ነበር፤ በዚያ ጉልበቱ የሚያቅተው ነገር የለም። ድንኳኑ «እህ!» አለ። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ በወንፊቱና በራዲዮው መካከል እጁን አሳለፈ፤ የሚነካ ሽቦ ፈልጎ አጣ።

ሽማግሌው ጠላቸውን አስቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ነበር። «ኦምዱርማን ይመጣል?»

ጊዜው የሱዳኑ ጦርነት ካርቱምና ኦምዱርማንን ሳያምስ በፊት ነው። ኦምዱርማን በ1296 እንደሚያሰራጭ አውቅ ነበር። ጣቢያው በ1940 እ.ኤ.አ.፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተከፈተ አንጋፋ ነው። ተስፋዬም ከንቱ አልነበረም። አዲስ አበባ የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ናት፤ በዚህ ቦታ መካከለኛ ሞገድ በምሥራቅና በምዕራብ ሲመጣ ይበልጥ ይዳከማል፤ ወደ ሰሜን በተጠጋ መንገድ ሲመጣ ግን የተሻለ ይደርሳል። ኦምዱርማን ሰሜን ምዕራብ ነው። መርፌውን 1296 ላይ አቆምኩ፣ ቫሪያብሉን አዞርኩ። ሁለት ድምፅ ተደራርቦ መጣ፤ አንዱ ከምሥራቅ በኩል ነው፣ ሌላው ከሥሩ ይዘፍናል። የወንፊቱን ፊት ለምሥራቁ ሰጠሁት። ያኛው ሰጠመ። ዘፈኑ ወደ ላይ ወጣ፤ ሲያልቅም አንድ ረጋ ያለ የወንድ ድምፅ «ሁና ኦምዱርማን» አለ።

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጎረምሳ ሳሉ መተማ በኩል ሰሊጥ ሲያጭዱ ከርመዋል፤ ማታ ማታ አሠሪው ራዲዮ ዛፍ ላይ ይሰቅልላቸው ነበር። ዘፋኙን መሐመድ ዋርዲን ያወቁት በዚያ ነው። ቀጣዩን ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረው አሉት፤ ዐረብኛውን ይወቁት አይወቁት እንጃ፣ አንድ ቃል ግን አልዘለሉም። ወጣቱ ባልደረባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ያህል ትኩር ብሎ ያያቸዋል።

እኔ ነፃ ወጣሁ ብዬ ነበር። እትዬ ግን ዘፈኑ አልቆ ሌላ ሲጀምር ትዕግሥታቸው አለቀ። «በሉ አሁን ወንፊቴ!» አሉና ያዙት።

«አንድ ዘፈን ብቻ እናቴ» አሉ ሽማግሌው፣ በሌላው በኩል ይዘው።

«ዱቄቱ ሌሊት ይቦካል!»

«ዋርዲ ሊመጣ ይችላል!»

እኔ መሀላቸው ቆሜ ቫሪያብሉ እንዳይጎዳ በሁለት መዳፌ ሸፍኛለሁ። ሕግ አስከባሪው ማስረጃውን ላለመስጠት፣ ባለቤቲቱ ንብረቷን ለማስመለስ። ያሸነፉት እትዬ ናቸው፤ በራሳቸው ድንኳን ማን ያሸንፋቸዋል? ሽቦውን ለመፍታት አራት ሴቶች ተነሱ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አንዷ ከወዲህ፣ አንዷ ከወዲያ ሳቡት፤ ያ በስንት ጥንቃቄ የጠመጠምኩት መዳብ ተወሳስቦ የወፍ ጎጆ አከለ። ክቡ ላይ የቀረውን ፕላስተር ባለቤቴ በጥፍሯ ፋቀችው። ወንፊቱን አጥባ፣ አድርቃ፣ ለእትዬ በሁለት እጇ ሰጠች። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና በጆሮዬ «ያ ዘፈን ጥሩ ነው» አለችኝ። ሽንኩርቱ ጋ ተመለሰች።

ክርስትናው በደህና አለፈ፤ ድፎው አምሮበት ነበር። በሳምንቱ ግድም በራችን ተንኳኳ። ሽማግሌው ናቸው፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ አዲስ ወንፊት በብብታቸው ይዘው። ለራሳቸው አንቴና ሊያሠሩ ነው። ተቀብዬ አገላበጥኩት፤ ክቡ ጥሩ እንጨት ነው፣ መረቡ ግን የሚያብረቀርቅ የብረት ሽቦ።

«አባቴ፣ መረቡ ብረት ነው፤ ሞገዱን ይበላዋል» አልኳቸው።

«ለብዙ ጊዜ እንዲያገለግል ብዬ ጠንካራውን መረጥኩ» አሉ። ፊታቸው ወደቀ። መርካቶ ሄደን በናይለን እናስለውጠው ብዬ ጫማዬን ልፈልግ ስነሳ «ቆይ» አሉኝ። «ለመሆኑ መረቡ ለአንቴናው ምን ይሠራለታል?»

አሰብኩ። «ምንም» አልኳቸው።

ከኪሳቸው ሰንጢ አወጡ፣ መረቡን በክቡ ዙሪያ ቀደው ጣሉት፣ ባዶውን ክብ ሰጡኝ። ባለቤቴ ከኩሽና ወጥታ የአዲስ ወንፊት መረብ መሬት ላይ ወድቆ ስታይ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ከሰል ልታቀጣጥል ተመለሰች። እሳቸው ያንን የተወሳሰበ ሽቦ እያፍታቱ ወጥረው ያዙ፤ እኔ ዙሩን እየቆጠርኩ ጠመጠምኩ። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ አንቴናው አለቀ። ቫሪያብሉ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የምናለሽ ተራው ሰውዬ ደግሞ ሌላ የለኝም ብሏል። ስለዚህ ሰኞና ረቡዕ በእሳቸው ዘንድ፣ የቀረውን ቀን በእኔ ዘንድ ይደር ብለን ተስማማን፤ መብራት በጠፋበት ማታ ማን ይወስደው በሚለው ላይ ግን እስከ ዛሬ እየተከራከርን ነው።